ደካማውን የስልክ ሞገድ ስለ ማበርታት

ቃል የሚጠቅመው ከተናጋሪው አፍ ወጥቶ ከሰሚው ጆሮ የደረሰ እንደ ሆነ ነው። ከመንገድ የቀረ ቃል ካልተነገረ ቃል አይሻልም፤ እንዲያውም ተናጋሪው የተሰማ መስሎት ስለሚዘናጋ ጉዳቱ የባሰ ይሆናል። ስለዚህ አባቶች የአዋጅን ቃል በነጋሪት ያሰሙ ነበር፤ በደጋው አገርም አንዱ ከጉብታ ላይ ሆኖ የተጣራውን፣ ማዶ ያለው ሰው ተቀብሎ ለሚቀጥለው ሸንተረር ያሰማ ነበር። በመካከል የቆመው ሰው ከራሱ አንዳች ቃል አይጨምርም፤ የሰማውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል እንጂ። ዛሬ ሪፒተር የሚባለው የስልክ መሣሪያ ተግባሩ ይኸው ነው፤ ስሙም ቢተረጐም ደጋሚ ማለት ነው። ይህ መሣሪያ በአግባቡ ሲተከል ለሕዝብ ታላቅ ጥቅም የሚሰጥ፣ በስውር ሲተከል ደግሞ ጎረቤትን የሚጎዳ ስለ ሆነ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን ለይቶ ማወቅ ለከተማ ነዋሪ ሁሉ አስፈላጊ ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን ሥፍራ ቢፈለግ ከቴዎድሮስ አደባባይ የሚሻል አይገኝም። አደባባዩ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ ወደ ለገሃር በሚወርደው በቸርችል ጎዳና ላይ ያለ ሲሆን፣ ዙሪያው አራዳና ፒያሳ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በንግድ የታወቀ ነው። ምድሩ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛበታል፤ ቤቶቹም ዓይነታቸው ልዩ ልዩ ነው። በአንድ ወገን ወፍራም ግንብና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው የጥንት ቤቶች፣ በሌላ ወገን በብረትና በሲሚንቶ ታንፀው መስተዋት የለበሱ ፎቆች ይታያሉ። እንዲህ ባለ ሥፍራ ከደጅ ሲቆሙ የስልኩ ኔትወርክ ጉልህ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወይም ከምድር በታች ወዳለው ቤት ሲገቡ ድንገት ቢጠፋ የሚያስደንቅ አይደለም።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ሰው ቢኖር የዛሬውን ንግድ ይመልከት። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ቴሌብር ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ገዢው ብር ሳይቈጥር በእጅ ስልኩ ይከፍላል፤ ሻጩም ገንዘቡ መግባቱን የሚያረጋግጠው ከስልኩ ላይ በሚደርሰው መልእክት ነው። እንግዲህ ሱቁ ሞገድ የማይደርስበት የሆነ እንደ ሆነ ገዢው ከፍያለሁ ሲል፣ ሻጩም አልደረሰኝም ሲል፣ ሁለቱም ስልካቸውን ወደ ላይ አንሥተው ወደ ደጅ ይወጣሉ። በዚህ መካከል ሌላው ገዢ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎም በሁለት ታማኝ ሰዎች መካከል ያለ ምክንያት ጥርጣሬ ይገባል። የንግድ ሥር መተማመን እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ መተማመንን የሚያላላ ነገር ሁሉ ንግድን ያላላል።

ከንግድም የሚበልጥ ነገር አለ። እሳት የተነሣበት ሰው 939 ብሎ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ይጠራል፤ በሽተኛ ያለበትም 907 ብሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ይጠይቃል። ከአራዳ ሠፈሮች አንዱ እሪ በከንቱ ይባላል፤ ስሙም የወጣለት በዚያ ሥፍራ የተዘረፈ ሰው ቢጮህ የሚደርስለት ስለማያገኝ ነው ተብሎ ይነገራል። ያ ዘመን አልፏል። ነገር ግን ከፎቅ ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የታመመ ሰው ስልኩን አንሥቶ ቢደውልና ሞገድ ቢያጣ፣ የእርሱ እሪታ ከቀድሞው እሪታ በምን ይለያል?

የሞገዱ መድከም ምክንያት ሥውር አይደለም። የእጅ ስልክ ድምፅንና ጽሕፈትን ወደ ሬዲዮ ሞገድ ለውጦ በአየር ይልካል፤ በፎቅ ጣሪያ ወይም በምሰሶ ላይ የተተከለው የኩባንያው አንቴናም ይቀበለዋል። ሞገዱ በራቀ ቍጥር ይሳሳል፤ ከቆርቆሮ ሲደርስ ብርሃን ከመስተዋት እንደሚመለስ ነጥሮ ይመለሳል፤ ከሲሚንቶና ከብረት ግድግዳ ሲያልፍም አብዛኛውን ኃይሉን ጥሎ ያልፋል። ሊቃውንት ይህን መጕደል የሚሰፍሩት ዴሲቤል በሚባል መስፈሪያ ነው። 10 ዴሲቤል የጐደለበት ሞገድ ከኃይሉ የሚቀርለት አንድ ዐሥረኛው ነው፤ 20 የጐደለበት መቶኛው፣ 30 የጐደለበት ሺኛው ብቻ ይቀርለታል። የፀሐይን ሙቀት ለመከላከል ስስ የብረት ቅብ የተቀባ መስተዋት ብቻውን ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል የሚደርስ ኃይል ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ በመስተዋት ያጌጠው አዲሱ ፎቅ ከውጭ ሲያዩት ብርሃን የሚገባበት ሲመስል፣ ለስልክ ሞገድ ግን ከአሮጌው ግንብ ይልቅ የተዘጋ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሞገዱም ዓይነት ለውጥ ያመጣል፤ በ900 ሜጋኸርዝ የሚሄደው ሞገድ ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ1800 የሚሄደው ግማሹን ያህል ነው፤ አጭሩ ሞገድም ግድግዳ አልፎ ለመግባት ከረጅሙ ይልቅ ይቸገራል።

ሞገድ በደከመበት ቤት ያለ ስልክ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጣቢያው የራቀበት ስለሚመስለው፣ ደንቆሮ የሚያነጋግር ሰው እንደሚጮህ ሁሉ፣ ኃይሉን እየጨመረ ይልካል። ከዚህ የተነሣ ባትሪው ፈጥኖ ያልቃል። ስልኬ ከጧት እስከ ማታ አይደርስልኝም የሚል ባለሱቅ ጥፋቱን በባትሪው ላይ ከማድረጉ አስቀድሞ የተቀመጠበትን ቤት ቢመረምር መልካም ነው።

አስተዋይ ሐኪም መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት በሽታውን ይለያል። የስልክ ኔትወርክም ሁለት ዓይነት ሕመም አለው። አንደኛው የሞገድ መድከም ነው፤ ይህም እስካሁን የተነገረው ነው። ሁለተኛው መጨናነቅ ነው፤ ይኸውም ሞገዱ ብርቱ ሆኖ ሳለ በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበት ሰዎች ስለ በዙ የሚመጣ ነው። በዓል በሚከበርበት ቀን ሕዝቡ ፒያሳን ሞልቶ ሳለ ስልክ አልወጣ ቢል፣ ምክንያቱ ከድካም ይልቅ መጨናነቅ ሳይሆን አይቀርም። ሪፒተር የሚፈውሰው የመጀመሪያውን ሕመም ብቻ ነው። የጠበበ በር ላለው አዳራሽ ጥሩምባ ቢነፉለት ገቢው ሕዝብ ቢጨምር እንጂ በሩ አይሰፋም፤ እንዲሁም ሪፒተር የጣቢያውን ሞገድ ሩቅ ያደርሳል እንጂ ጣቢያው የሚችለውን የሰው ብዛት አይጨምርም። ለመጨናነቅ መድኃኒቱ ተጨማሪ ጣቢያ መትከል ነው።

የሪፒተር አሠራሩ ለማስተዋል የሚከብድ አይደለም። ሦስት ክፍል አለው፤ አንደኛው ከጣሪያ ላይ ተተክሎ ወደ ኩባንያው ጣቢያ የሚመለከት አንቴና ነው፤ ሁለተኛው በኬብል የመጣለትን ደካማ ሞገድ የሚያበረታ ማጉያ ነው፤ ሦስተኛው ከቤት ውስጥ ተሰቅሎ የበረታውን ሞገድ ለክፍሎቹ የሚያድል አንቴና ነው። ሥራውም በሁለት በኩል ነው። ከጣቢያው የመጣውን ወደ ስልኩ ያወርዳል፤ ከስልኩ የወጣውንም ወደ ጣቢያው ያደርሳል። ማጉያው ኃይሉን 60 ዴሲቤል ያህል የሚጨምር ቢሆን፣ የገባው ሞገድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ጐልብቶ ይወጣል ማለት ነው። በግድግዳው የተነሣ ሺኛው ብቻ ይደርሰው የነበረ ክፍል ከዚያ በኋላ እንደ ደጅ ይሆናል፤ ስልኩም መጮኹን ትቶ በለሆሳስ ይናገራል፤ ባትሪውም ይቆያል።

ይህ ብልኀት ዛሬ የተገኘ አይደለም። በኢትዮጵያ ስልክ በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። በሽቦም ቢሆን ድምፅ በራቀ ቍጥር ይደክማል። አሜሪካኖች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1915 ከኒው ዮርክ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ የሚደርሰውን የስልክ መሥመር ለመክፈት የቻሉት፣ በመንገዱ ላይ እየተቀበሉ የሚያበረቱ ማጉያዎች በመትከላቸው ነው። የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህም ሽቦው በአየር ሞገድ ተተካ እንጂ፣ የድካሙ ነገርና መድኃኒቱ አልተለወጠም።

መድኃኒት ግን መጠኑን ካለፈ መርዝ ይሆናል። ከሁሉ አስቀድሞ ሪፒተር ሞገድን አይፈጥርም። ከጣሪያው ላይ ምንም ያልደረሰው አንቴና ለቤቱ ምንም አያወርድም፤ ከባዶ ማድጋ ውኃ አይቀዳምና። ዳግመኛም መሣሪያው ቃሉንና በአየር ላይ ያለውን ሁካታ ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም አንድነት ያጐላል። ስለዚህ ከደጅ የመጣው ሞገድ በሁካታ የተበላሸ ከሆነ፣ በስልኩ ላይ የሚታየው ምልክት ሙሉ ሆኖ ሳለ ንግግሩ ሳይሰማ ይቀራል፤ ገንዘብ የከፈለበትም ሰው ይታለላል።

ከዚህ የሚብሰው በጎረቤት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። በሰርግ ቤት ማይክሮፎኑ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት እንደሚነሣ ሁሉም ያውቃል፤ ምክንያቱም ማጉያው ያወጣውን ድምፅ ማይክሮፎኑ መልሶ ስለሚቀበለው ነው። ሪፒተርም እንዲሁ ነው። የጣሪያው አንቴናና የውስጡ አንቴና በቂ ርቀትና ግድግዳ ካልለያያቸው መሣሪያው የራሱን ሞገድ መልሶ እየተቀበለ ይጮኻል። ባለሙያዎች በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ያለው መለያየት ከማጉያው ኃይል 15 ዴሲቤል ያህል እንዲበልጥ የሚያደርጉት ስለዚህ ነው። ያለ ባለሙያ የተተከለው ግን ይህን አያውቅም፤ ጩኸቱም በቤት ውስጥ የሚቀር አይደለም፤ ከጣሪያው አንቴና ወጥቶ ወደ ኩባንያው ጣቢያ ይሄዳል። ባይጮኽ እንኳ ያለ ልክ የጐላ ሁካታ ወደ ጣቢያው ይልካል። በገበያ መካከል አንድ ሰው ከነጋዴው ጆሮ ሥር ጥሩምባ ቢነፋ፣ ነጋዴው የሌሎቹን ድምፅ እንደማይሰማ ሁሉ፣ ጣቢያውም ከሩቅ በደካማ ድምፅ የሚጠሩትን ስልኮች መስማት ይሳነዋል። የአንድ ሱቅ ስልክ በረታ ሲባል የአንድ ሠፈር ስልክ ይደክማል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ይህን የሚያደርግ ሰው ጥፋቱ ለራሱ አይሰማውም። በእርሱ ስልክ ላይ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ደውሎ ያገኛል፤ ተደውሎለት ይሰማል። ጎረቤቱ ግን ስልኩ የተቋረጠበትን ምክንያት ሳያውቅ ኩባንያውን ይወቅሳል፤ ወይም እርሱም በተራው ሌላ ሪፒተር ገዝቶ ይተክላል። እንዲህ እያለ አንዱ ሲጮኽ ሌላው እየበለጠ ሲጮኽ፣ በመጨረሻ ማንም ማንንም የማይሰማበት ገበያ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ከከፈተ ወዲህ ደግሞ ሞገድ የሚልኩት ኩባንያዎች ሁለት ሆነዋል፤ መምረጥ የማያውቅ ርካሽ መሣሪያ የአንዱን ሞገድ አጐላለሁ ሲል የሌላውንም ሊያውክ ይችላል።

የአየር ሞገድ እንደ ወንዝ ውኃ የጋራ ሀብት ስለ ሆነ፣ መንግሥታት ሕግ ያወጡለት ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትን፣ መሸጥንና መጠቀምን በጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎ ደነገገ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቍጥር 1148 ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሞ ሞገድን የማስተዳደርና መሣሪያን የመቆጣጠር ሥራ ተሰጠው። በሌላውም ዓለም ነገሩ በልክ ተይዟል። የአሜሪካ መንግሥት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ባወጣው ደንብ፣ ሰው ሪፒተር ለመትከል የሚችለው መሣሪያው ኔትወርኩን ማወክ ሲጀምር ራሱን የሚገታ እንዲሆን ተሠርቶ የጸደቀ፣ በስልክ ኩባንያውም ዘንድ የተመዘገበ ሲሆን ነው። እንግሊዞችም በ2018 የተወሰነውን መመዘኛ ለሚያሟሉ የቤት ውስጥ ሪፒተሮች ብቻ ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀምን ፈቅደዋል። የሁለቱም አገር ሕግ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም ጎጂውን በር መዝጋት የሚጸናው ደገኛውን በር ከፍቶ ሲያሳዩ መሆኑን ነው።

በዚህ ላይ ባለሱቁ የሚያቀርበው መከራከሪያ አለ፤ ንቆ ማለፍም አይገባም። ሥራዬ በስልክ ነው፤ ቤቴ ሞገድ አይደርሰውም፤ ብጠይቅ ጠብቅ እባላለሁ፤ እስኪመጣ ድረስ ልጆቼ ምን ይብሉ ይላል። ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ ችግር ያስጨነቀው ነው። ቅጣትን ብቻ ቢያሳዩት መሣሪያውን ከኮርኒስ በላይ ይሸሽገዋል እንጂ አይተወውም፤ የተሸሸገውንም መሣሪያ ባለሙያ አያርመውም። ነገር ግን ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የተባለው ተረት በዚህ ይፈጸማል፤ እያንዳንዱ ከጋራው ሞገድ ለራሱ ቢቆርስ ለሁሉም የሚተርፍ አይኖርም። ስለዚህ ችግሩ እውነት መሆኑን አምኖ፣ መድኃኒቱ ግን የጋራ እንዲሆን ማድረግ የሁሉም ወገን ተግባር ነው።

አስቀድሞ የሚጠየቁት የስልክ ኩባንያዎቹ ናቸው። በጎዳና ላይ ያለውን ሞገድ ለክቶ ደርሷል ማለት አይበቃም፤ ሰው የሚሠራው ከቤት ውስጥ ነውና ልኬቱም ወደ ሱቁ፣ ወደ ክሊኒኩና ከምድር በታች ወዳለው ክፍል ሊገባ ይገባል። የሕንፃ ባለቤት አቤቱታ ሲያቀርብ በተወሰነ ቀን ውስጥ መጥቶ መመርመር፣ ሕመሙ ድካም ይሁን መጨናነቅ ለይቶ መንገር፣ ድካም ከሆነም የጸደቀ ሪፒተር ወይም የውስጥ አንቴና በራሱ ባለሙያ መትከል ተገቢ ነው። ይህ ለኩባንያው ምጽዋት አይደለም፤ ያልተደወለ ስልክና ያልተፈጸመ ክፍያ ገቢ አያመጣለትምና። ወጪውንም ከሕንፃው ባለቤት ጋር ሊካፈሉት ይቻላል።

ባለሥልጣኑም በበኩሉ የጸደቁትን መሣሪያዎች ስም ሁሉም በሚያነበው ቋንቋ ማስታወቅ፣ የምዝገባውንም ሥርዓት አጭርና ቀላል ማድረግ ይገባዋል። ሕጋዊው መንገድ ከሕገ ወጡ ይልቅ ሲረዝም፣ የቸኰለ ሰው አቋራጩን መያዙ የማይቀር ነው።

የሕንፃ ባለቤቶች ድርሻ ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ጊዜው ካላለፈባቸው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዶች ተሠርተዋል፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወርም የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። በእንዲህ ያለ ሥፍራ አዲስ ፎቅ የሚያሠራ ሰው ውኃና መብራት በፕላኑ ላይ እንደሚያስገባ ሁሉ፣ የሞገድ ኬብል የሚያልፍበትን ቧንቧና አንቴና የሚሰቀልበትን ሥፍራም አስቀድሞ ቢያስገባ ወጪው ጥቂት ነው። ግድግዳው ከተለሰነና ዕብነ በረዱ ከተነጠፈ በኋላ ግን ያንኑ ሥራ ለመሥራት መሰንጠቅና መቈፈር ይመጣል።

ባለሱቁም መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ኩባንያውን ይጠይቅ። ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ በአንድ አቤቱታ ቢጠይቅ ቃሉ ይበልጥ ይሰማል፤ አንድ ሕንፃ ለሚጠቀሙ ሃያ ሱቆች አንድ በባለሙያ የተተከለ መሣሪያ ሲበቃ፣ ሃያ መሣሪያ በየፊናው መግዛት ገንዘብንም ሰላምንም ማጥፋት ነው። እስከዚያው ድረስ በሱቁ የገመድ ኢንተርኔት ያለው ሰው ዋይፋይ በመጠቀም በቴሌብር መተግበሪያ ክፍያውን ሊቀበል ይችላል፤ ይህም ማንንም ሳይጎዳ ከችግሩ ግማሹን ያቃልልለታል።

አደባባዩ በስሙ የተጠራለት ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1867 በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ምሳሌው በዚሁ አደባባይ ላይ ቆሟል። ያን ታላቅ ብረት ከደብረ ታቦር ወገን እስከ መቅደላ ድረስ ያደረሰው ብዙ ሕዝብ ነው፤ ገደሉን እየቈፈረ መንገድ አወጣለት፤ ገመዱንም በአንድ ቃል ጐተተ። ሁሉም ገመዱን በየራሱ በኩል ስቦ ቢሆን ኖሮ መድፉ ከተሠራበት ሥፍራ ባልተነቃነቀ ነበር። ደካማውንም ሞገድ ማበርታት እንዲሁ ነው። ኩባንያው፣ ባለሥልጣኑ፣ የሕንፃው ባለቤትና ባለሱቁ ገመዱን ወደ አንድ ወገን የሳቡ ቀን፣ በአራዳ ከግንብ ውስጥ ሆኖ የሚጣራ ሰው ቃሉ ከመንገድ አይቀርም።